ያልነጋ ዓርብ

እሁድ ጠዋት፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ራካ ሰፈር ውስጥ ግንባታው ሊያልቅ በቀረበ አንድ ቪላ ግቢ፣ ዘበኛው የውሃ ማጠራቀሚያውን ሊከፍት ሄደ። ማጠራቀሚያው ከመሬት በታች የተሠራ ነው፤ እዚህ አገር ኻዛን ይሉታል። አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ክዳን አለው። ክዳኑ ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ተጭኖ ነበር። ዘበኛው ሲሚንቶውን ጎትቶ ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ አንገዳገደው። ፖሊስ ሲደርስ አጥር ጥግ ቁጭ ብሎ ራሱ ላይ ውሃ ያፈስ ነበር።

እኔ የደረስኩት ከፖሊሶቹ በኋላ ነው። መሕቡባ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ደማም ውስጥ ለፖሊስ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሥራዬ የተባለውን ማለት ብቻ ነው። አስተርጓሚ ያየውን መናገር ከጀመረ ምስክር ሆነ ማለት ነው፤ ምስክር ደግሞ ደመወዝ የለውም። አለቃዬ ኢንስፔክተር ዓብዱልአዚዝ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ሲዋሸው አይቆጣም፤ እንዲያውም ፊቱ ፈታ ይላል።

ሟቹ ወጣት ነው። ኪሱ ውስጥ ምንም ወረቀት የለም። ዘበኛው ግን ያውቀዋል።

«ቶላ ይባላል» አለ። «ሐበሻ ነው። ኑርዲን የሚባል ሥራ ተቋራጭ ነው የሚያመጣው። ውሃ እንዳያሰርግ ውስጡን ቀለም ይቀባ ነበር።»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ከኻዛኑ ወጣ።

«የመታው የለም» አለ። «የቀለሙ ጋዝ ነው። መጀመሪያ ራሱን አስቶ ጥሎታል፤ ከዚያ ግን ነቅቷል። መዳፎቹ ተልጠዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር የክዳኑ ዝገት አለ።»

«መቼ ሞተ?» አለ ዓብዱልአዚዝ።

«በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ቀለም ውስጥ? ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ አጥብብ ብትለኝ መዋሸቴ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሲሚንቶውን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። ከውስጥ ያለ ሰው ክዳኑ ላይ ሲሚንቶ አይጭንም። አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ዘግቶበታል፤ እና ሲዘጋበት ልጁ በሕይወት ነበር። ይህንን ለማንም እንዳልተነፍስ አስጠነቀቀኝ። እኔም የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

*

ኑርዲንን ያገኘነው ኾበር ቢሮው ውስጥ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የታደሰ፣ ዐረብኛው ከእኔ የተሻለ። ስለዚህ እኔ ሻይ ይዤ ዝም አልኩ። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ነገሩን ሲሰማ። ድምፁ ደህና አድርጎ አዘነ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ረቡዕ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ። ሥራው አለቀ፣ ኸላስ፣ ተለያየን። ሐሙስ ንጋት ከሱብሒ በኋላ በአውቶቡስ መካ፣ ለዑምራ ሄድኩ። የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው።»

«ምስክር አለህ?»

«አውቶቡስ ሙሉ።»

እውነቱን ነበር። ዓብዱልአዚዝ አብረውት የተጓዙትን አስጠራ፤ ሁሉም አዩት፣ ሁሉም አብረውት ፎቶ ተነስተዋል። ዓርብ መካ ነበር፤ ቅዳሜ መንገድ ላይ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ ለእረፍት አገር ቤት ሊበር ቲኬቱን ቆርጧል።

መኪና ውስጥ ስንገባ ኢንስፔክተሩ «ልጁ ረቡዕ ከሞተ ይህ ሰው አለበት» አለ። «ዓርብ በሕይወት ከነበረ ግን ንጹሕ ነው፤ ይሂድ።»

*

ቶላ የሚኖረው ደማም፣ አል አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው። እኛ ደረጃውን ስንወጣ ስድስት ሰው በጣሪያ በኩል ወረደ። በየመን በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው፤ ማንም ወረቀት የለውም፤ ደረጃ ላይ የቦት ጫማ ድምፅ ሲሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ኡሙሰልማ፣ ለቤቱ ሰው የምታበስል ትልቅ ሴትዮ፤ ጉልበቷ ጣሪያ አያስወጣትም። ሌላው ኸጣብ፤ ደሴ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ተምሮ በኮንትራት የመጣ፣ ከአሠሪው ከካፊሉ ጋር ተጣልቶ የወጣና ካፊሉ ሁሩብ፣ ጠፍቶብኛል፣ ብሎ ያስመዘገበበት፣ አሁን የደህንነት ካሜራ እየገጠመ የሚኖር ሰው። እሱ ጉልበቱ ደህና ነበር፤ ግን አልሮጠም።

«ቶላ ሞቷል» አልኳቸው።

ኡሙሰልማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። ኸጣብ ወለሉን አየ። እንባው መጣ፤ ድንጋጤው ግን አልመጣም። ይህን አየሁ፤ የማስተረጉመው ነገር ስላልሆነ ዝም አልኩ።

«መቼ አየኸው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ዓርብ ጠዋት» አለ ኸጣብ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ላፕቶፔ ላይ ቪዲዮ አለ። ዓርብ ጠዋት ነው የተቀዳው።»

ከፈተልን። «ለሰዳ» የሚል ማኅደር ውስጥ የቶላ ቪዲዮዎች ተደርድረዋል። የመጨረሻው እውነትም የዓርብ ጠዋት ቀን ይዟል። ቶላ ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው የተሰጣ ልብስ እየተውለበለበ፣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ይስቃል። «ሰዱዬ፣ ሻንጣሽ ስንት ኪሎ ነው የሚይዘው? ለእማዬ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አይተሽ እንዳትጮኺብኝ፤ በግ የሚያህል ነው።» እኔ ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ሬሳውን ጠዋት አይቼው ስለነበር መሐል ላይ አቋረጥኩ፤ ኢንስፔክተሩ ውሃ ሰጠኝ።

«ሰዳ ማን ናት?»

«ዘመዱ ናት» አለ ኸጣብ። «አገር ቤት።»

ስንወርድ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ይጠብቀን ነበር። ሳይጠይቁት የሚናገር ሰው ነው።

«ረቡዕ ማታ እላይ ጩኸት ነበር» አለ። «የሴትም የወንድም። ተጣልተዋል። በማግስቱ ጸጥ አለ።»

ዓብዱልአዚዝ ተመልሶ ወጣና ኸጣብን ከነላፕቶፑ ይዞት መጣ። ኑርዲን ዓርብ መካ ነበር፤ ልጁ ዓርብ በሕይወት ነበር፤ መጨረሻ ያየው ኸጣብ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጠብ ነበር። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

*

ሰኞ ጠዋት ኸጣብ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ ዓርብ ጠዋት አየሁት። ከዚያ በኋላ የት ሄደ? አላውቅም። ከማን ጋር? አላውቅም። ረቡዕ ማታ ማን ጮኸ? ማንም። እንደ ሰው ስንት ጊዜ ተጠየቀ፣ እንደ ግድግዳ መለሰ። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር መልሼ መላልሼ ሳስተረጉም አፌ ደረቀ።

ኮሪደሩ ላይ ኢንስፔክተሩ ቆም አለ።

«እህት መሕቡባ፣ ትናንት ያ ቤት መተላለፊያው ላይ ሁለት ትልልቅ ድስት ተደፍቶ ነበር። አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ስምንት ሰው በዚያ ድስት ምን ይቀቅላል? ግመል?»

አሁን ልናገር ወይስ አልናገር ብዬ ትንሽ ቆምኩ። እሱም እስክወስን ጠበቀኝ። ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ እሸነፋለሁ።

«የሰደቃ ድስት ነው» አልኩት። «ከጎረቤት የሚዋሱት። ሰው ሲሞት በሦስተኛው ቀን ምግብ ተዘጋጅቶ ሰው ይበላል፤ ለሟቹ ዱዓ ይደረጋል።»

ሰደቃን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ቃሉ ከራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ወዲያው ወደ መኪናው አመራ።

ኡሙሰልማ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ካጠገቧ ተንበረከኩ።

«እትዬ፣ ሰደቃው መቼ ነበር?»

«የምን ሰደቃ ልጄ?»

«ድስቱን ያዋሰችሽን ጎረቤት ጠይቄ ነው የመጣሁት።» ውሸት ነበር፤ የራሴ ውሸት፤ ማንም አላዘዘኝም።

ምስሩን አቁማ አየችኝ። «ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ» አለች። «ሩዝና ሥጋ። ሃያ ሰው በላ። ሌላ አልናገርም፤ ቢፈልጉ ይጥረዙኝ።»

ሬሳው የተገኘው እሁድ ነው። ዓርብ ሰደቃ የበላ ሃያ ሰው ቶላ መሞቱን ያውቅ ነበር። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ከሆነ ደግሞ፣ የሞተው ረቡዕ ነው። ታዲያ ዓርብ ጠዋት ጣሪያ ላይ ቆሞ የሚስቀው ማን ነው?

*

የፖሊስ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የምትሠራው ጁወይሪያ ወጣት ሳዑዲያዊት ናት፤ ፈጣን፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲያስብ የማትታገሥ። ላፕቶፑ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«ትናንት ቪዲዮውን አውጪልኝ አልከኝ፣ አወጣሁ» አለችው። «ቀኑ እውነት ነው ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም።»

«አሁን ጠየቅኩ።»

ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

«አንድ ፋይል አንድ ቀን ብቻ የያዘ ይመስላችኋል። በዚህ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ግን እያንዳንዱ ፋይል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይዞ ይዞራል። አንዱ መቼ እንደተነበበ፣ ሁለተኛው ይዘቱ መቼ እንደተጻፈ፤ ሰው ስክሪን ላይ የሚያየው ይሄን ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ፋይሉ የተያዘው መረጃ ራሱ መቼ እንደተነካ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ሥርዓቱን ‹እነዚህን ሁለቱን እንዲህ አድርግልኝ› ብሎ በአንድ ትእዛዝ፣ እኛ ጥሪ በምንለው፣ ያዘዋል፤ ሥርዓቱም እሺ ይላል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።» ስክሪኑን አዞረችልን። «ይኸው፣ ከላፕቶፑ ያገኘሁት ነው። ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ። ጥሪው ዩታይምንስአት ይባላል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ቪዲዮው ሆድ ውስጥ የነበረውን ቀንም አስቀድሞ አጥፍቶታል።»

«ሦስተኛው ሰዓትስ?»

«እሱን የሚያዝበት ጥሪ የለም። ሁለቱን በነካህባት ቅጽበት ሥርዓቱ የራሱን ሰዓት አይቶ ሦስተኛውን ይጽፈዋል። ሌላውን ስታስተካክል እጅህን ይመዘግባል።» ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ፋይሉ ‹ዓርብ ጠዋት ተቀዳሁ› ይላል። የተነካው ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው።»

ዓብዱልአዚዝ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ሐሙስ ተቀምጦ ዓርብን ጻፈ?»

«ገና ያልነጋውን ዓርብ» አለች ጁወይሪያ።

ፊቱ ፈታ አለ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ተዋሽቷል ማለት ነው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ኸጣብ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። የኑርዲን አውሮፕላን ከሰዓት ነው።

«ሰዳ የት ናት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አገር ቤት ብያለሁ።»

«አገር ቤት ላለች ሴት ‹ሻንጣሽ ስንት ኪሎ ይይዛል› ይባላል?»

ኸጣብ ወደ በሩ አየ።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰደቃ በላችሁ። ሬሳው ገና አልተገኘም ነበር። ሐሙስ ደግሞ አንተ ተቀምጠህ ፋይሉ ላይ ዓርብን ጻፍክ። ለምን?»

ኸጣብ እኔን አየኝ፤ እሱን አይደለም። «አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ» አለ። «ሐሙስ ትበራለች። ሁለት ቀን ብቻ ነው የምለምነው።»

«ማን?»

«ሰዳ። እህቱ ናት። ኾበር ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ሲም አትፈቅድላትም፣ ዋይፋይም ማፊ፣ የለም። በየዓርቡ የባቃላው፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ ሰውዬ ዕቃ ሲያደርስ ሚሞሪ ካርድ ይዞላት ይሄዳል፤ ቶላ የቀዳላትን ታያለች። ኹሩጇ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ወጥቷል፤ የፊታችን ሐሙስ አገሯ ትገባለች። ዓርብ ካርድ ካልመጣ ትጠይቃለች፤ የቆየ ቪዲዮ ከመጣ ቀኑን ታያለች፤ ሁሌ ቀኑን ታያለች። ታዲያ ማን ይንገራት? የባቃላው ሰውዬ? እቃ እያጠበች፣ ብቻዋን፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? አገሯ ትግባ፣ እናቷ ቤት ሰው ይሰብሰብ፣ እዚያ መርዶዋን ትስማ አልን። ሁላችንም ተማማልን። እናንተ ስትመጡም ወሬው ቀድሞ እንዳይደርሳት ያንኑ ዓርብ ደገምኩላችሁ።»

መርዶን በዐረብኛ የምለው ቃል አጣሁ። ስለዚህ አስረዳሁት፦ እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለቅርብ ሰው እንዲሁ አይወረወርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ የሚይዟት ሴቶች ከፊት ይሆናሉ። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። የሚያውቅ ሁሉ ይስቅላታል።

«ስለዚህ ያ ሰፈር ሁሉ ዋሸኝ» አለ ዓብዱልአዚዝ።

«እርስዎን አይደለም የዋሹት» አልኩት። «ሰዳን ነው። እርስዎ መሐል ላይ ነው የገቡት።» ይህን የተናገርኩት ከራሴ ነው። አስተርጓሚነቴን ያን ጊዜ ትቼዋለሁ።

እሱ አልተቆጣኝም። ወደ ኸጣብ ዞረ።

«ረቡዕ ማታ ምን ሆነ?»

«ኑርዲን መጣ። ‹ቶላን ጋዝ መታው፣ ወዲያው ሞተ፣ እኔ በስውር አስቀብረዋለሁ፤ አንድ ሰው ከተነፈሰ ሁላችሁም ትጠረዛላችሁ› አለን። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ አፋቸውን እንዲይዙ አደረገ። ከዚያ ዑምራ ሄደ።»

ዓብዱልአዚዝ ከፋይሉ አንድ ፎቶ አውጥቶ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ ገፋው። የቶላ መዳፎች ናቸው።

«ወዲያው አልሞተም» አለ። «ነቅቷል። ክዳኑን ከሥር ሲገፋ ነው እጁ የተላጠው። ከላይ ሲሚንቶ ተጭኖበት ነበር።»

አስተረጎምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማስተርጎም የሚያስጠላኝን ያህል የሚያስጠላኝ ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ የሰማሁትን ሁለተኛ በአፌ እደግመዋለሁ።

«አንተ የጻፍከው ዓርብ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «ኑርዲንን ንጹሕ አድርጎታል። ዛሬ ከሰዓት ይበራል።»

ኸጣብ ፎቶውን አልነካውም። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጆቹን ከጠረጴዛው በታች ደበቀ፣ የራሱ መዳፍ ያሳፈረው ይመስል።

«እኔ ነኝ ያዳንኩት» አለ። «ያንን ሰው።»

ቃሉን ሰጠ፤ ፈረመ። ሲያበቃ እንደገና ወደ ሰዳ ተመለሰ፦ እኔን እሰሩኝ፣ ጠርዙኝ፣ ኑርዲንን ያዙት፣ እሷ ብቻ ሐሙስ ትሂድ።

«አትሄድም» አለ ዓብዱልአዚዝ። «ወንድሟ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። እዚህ አገር የሥጋ ዘመዱ እሷ ብቻ ናት። እሷ ካልፈረመች ማን ይቀብረዋል? ደሙንስ ማን ይጠይቅለታል? አንተ መርዶዋን ብቻ አይደለም የደበቅከው፤ ቀብሩንም ነው።»

ኸጣብ ይህን አላሰበበትም ነበር። ከእኛ መሐል ያሰበበት ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

*

ኑርዲንን የያዙት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ የሚመዘንበት ሰልፍ ላይ ነው። የዘምዘም ውሃ የሞላ ጀሪካን በእጁ ይዟል።

«ሞቶ ነበር» አለ። «ወላሂ ሞቶ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን አሳየው። ኑርዲን ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«ድምፅ ሰምቻለሁ» አለ በኋላ። «የቀለም ቆርቆሮ የወደቀ መስሎኝ ነበር።»

*

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ኾበር ሄድን። ኡሙሰልማ ከፊት፣ በጣሪያ ያመለጡት ሴቶች ከኋላ፤ ጠርታቸው ነው የተመለሱት። ዓብዱልአዚዝ «ዛሬ ጠዋት ማንም ወረቀት አይጠይቃችሁም» ብሏቸው ነበር። ሳስተረጉም ራሴም አላመንኩትም ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን ጠበቀ። ኸጣብ በካቴና ታስሮ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። አብሬ ካልሄድኩ ብሎ የለመነው እሱ ነው።

በሩን የከፈተችው ማዳሟ ናት፣ ዐባያዋን እየጎተተች። «ሙሽኪላ?» ብላ ችግር እንዳለ ጠየቀች። ሰዳ ከኋላዋ ብቅ አለች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልቅ፣ የወንድሟ ፊት። ኡሙሰልማን አየች፤ ከኋላ ያሉትን ሴቶች አየች፤ ገና የሚነጋውን ሰማይ አየች። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም።

«ማን ነው?» አለች። «እማዬ ናት?»

«እማ ደህና ናት» አለች ኡሙሰልማ። «ቶላ ነው የኔ ልጅ። ባለፈው ረቡዕ አረፈ። ቶላ ነው።»

ሴቶቹ ሊይዟት ቀረቡ። እሷ ግን አልወደቀችም። ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

«ቶላማ ደህና ነው!» አለች። «ዓርብ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ይሆናል፤ ተሳስታችሁ ነው። ቆዩ፣ ቆዩ ላሳያችሁ።»

ወደ ውስጥ ሮጣ ስልኳን ይዛ መጣች። ቪዲዮውን ከፈተች፤ ቶላ ጣሪያው ላይ ሳቀ። «ይኸው፣ ዓርብ ይላል። የሞተው መቼ ነው የምትሉት? ረቡዕ? ይኸው እኮ ዓርብ! ኡሙሰልማ፣ አንቺ ማንበብ አትችዪም፤ አንቺ እህት፣ አንቺ አንብቢላቸው። ዓርብ አይልም?»

ይላል። ዓርብ ነው የሚለው። ምን ልበላት? ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ፤ እሷ ብቻ ታጽናናቸው ነበር፤ ስልኩን ለአንዷ ታሳያለች፣ ለሌላዋ ታሳያለች።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ኸጣብ መጥቶ ፊቷ ቆመ፤ ፖሊሱ አልያዘውም።

«ሰዳ» አለ። «ዓርብን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እጁ ላይ ያለውን ብረት አየች፣ ፊቱን አየች። ከዚያ ነው የጮኸችው። ሴቶቹ የያዟትም ያን ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሊይዛት የጓጓው መጀመሪያ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ነው መርዶ የሰማችው። ኢንስፔክተሩ አጥሩን ተደግፎ ጀርባውን ሰጠን። «ምን አለች?» ብሎ አልጠየቀኝም።

*

ከሰዓት ሰዳ ቢሮ መጥታ ለቀብሩ ፈረመች። ኹሩጇ እንዲራዘም ዓብዱልአዚዝ ራሱ ሲደዋወል ነበር። ስልኳን ሙሉ ጊዜ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ይሄ የምን ቀን ነው?» አለች። «እውነተኛውን።»

ጥያቄውን ወደ ኸጣብ ወሰድኩት። «ከዚህ በፊት በደረሳት ካርድ ላይ ያለውን ቪዲዮ በቀዳበት ዕለት ነው፤ እሁድ» አለ። «መጀመሪያ ይሄን ቀዳ። ከዚያ ጥርሴ ሁሉ ታየ፣ ያስጠላል ብሎ ተወውና ሌላ ቀዳ።»

«ለዚህ ነው ያንኑ ሸሚዝ የለበሰው» አለች ሰዳ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችና «ቀኑን ይመልስለት» አለች። «የራሱን ቀን።»

አስተረጎምኩ። ዓብዱልአዚዝ ጁወይሪያን አያት። እሷ ካርዱን ለምርመራ ያዘችና ሌላ ካርድ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ቦታውን ለኸጣብ ለቀቀች። ካቴናውን ፈቱለት። ያንኑ ፕሮግራም ጻፈ፤ የሚለየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሁላችንም ከኋላው ቆመን አየነው።

ሰዳ ካርዱን ስልኳ ውስጥ አስገባች። ቪዲዮው ከላይ ከነበረበት ወርዶ እሁድ ላይ፣ ከሌላው ጎን ተቀመጠ። በአንዱ ቶላ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብሎ ሰላምታ ያቀርባል። በሌላው ይስቃል። የሚስቀውን ነካችና ድምፁን አጠፋችው፤ ፊቱን ብቻ አየች።

«ይሄ ጥርስ ነው የሚያስጠላው?» አለች። «ይሄን ነው የደበቀኝ?»